ሰማዩ ጠርቶ የሚመጣ ጎርፍ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የምሠራ የ26 ዓመት ሴት ነኝ። ቤተሰቦቼ ቆቦ ገጠር ናቸው። ከቤታችን ማሳችን ለመድረስ የጎሊናን ወንዝ መሻገር አለ። አባቴ 67 ዓመቱ ነው። ግፊት አለበት፣ ኪኒን ይወስዳል። እንዲያም ሆኖ በዚህ በሰኔ ሐሩር ከማሳ አይወጣም። የሰኔን ጾም ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ ነው የሚጾመው። ባለፈው ሳምንት ራሱን አዙሮት ማሽላው መሀል ቁጭ ብሎ አገኙት።

ሐምሌ ሲገባ ሌላ ጭንቅ አለ። ጎርፍ መጣ ሲባል ሰው ሲሸሽ እሱ አካፋውን ይዞ ወደ ወንዙ ይሮጣል፣ ሌሊትም ቢሆን። የ12 ዓመት ወንድሜም ይከተለዋል። ስነግረው "ዕድሜዬን ሙሉ የተሻገርኩት ወንዝ ነው፣ አንቺ ከተማ ገብተሽ ፈሪ ሆንሽ" ይለኛል። ግዳን ደጋው ላይ ያለችው አክስቴም መክራው አልሰማ አለ። እኔ ራሴ የተከራየሁት ሰርቪስ ቤት ቦርከና ወንዝ ዳር ነው። ስልክ በጠራ ቁጥር ልቤ ይመታል። ምን ላድርግ?

የአባቷ ልጅ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦

እህቴ፣ አብሽሪ። የሚደረግ ነገር አለ፣ አብዛኛውም ገንዘብ አይፈልግም። ጎርፉ ገና ነው፣ ሙቀቱ ግን አሁን ስላለ ከእሱ ልጀምር።

ባለፈው ሳምንት የሆነው ነገር ቀላል አይደለም። አባትሽ ራሳቸውን ያዞራቸው ሰውነታቸው ውሃ አጥሮት ሊሆን ይችላል። ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት ውሃ ቢያጥረውም ጥሙ ቶሎ አይሰማም። በዚያ ላይ ከግፊት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ሽንት የሚያበዙ ናቸው። ሐሩር፣ ጾምና እንዲህ ያለ ኪኒን አንድ ላይ ሲሆኑ ሰው ማሳ መሀል ቢወድቅ አይገርምም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የሚወስዱትን ኪኒን ይዘው ይሂዱ። እንዳዞራቸው፣ ፀሐይ ላይ እንደሚውሉ፣ እስከ 9 ሰዓት ምንም እንደማይቀምሱ አንድ በአንድ ይናገሩ። ባለሙያው መጠኑን ወይም የሚወሰድበትን ሰዓት ሊያስተካክል ይችላል። በራሳቸው ግን ኪኒኑን እንዳያቆሙ፤ ያ ሌላ መዘዝ ነው።

ጾሙን በተመለከተ አንቺ ከምትከራከሪያቸው የንስሐ አባታቸውን አነጋግሪ። መድኃኒት ለሚወስድና ለደከመ ሰው ቤተ ክርስቲያን መላ አላት። ከካህን አፍ "ልጄ፣ ውሃህን ጠጥተህ ጹም" የሚል ቃል ከመጣ ይሰማሉ። ከልጅ አፍ ከመጣ ግን "እምነቴን አስተውኝ ነው" ይሆናል።

ሥራውን በተመለከተ፣ ጎህ ሲቀድ ወጥተው እስከ 4 ሰዓት ተኩል ድረስ ቢያርሙ፣ ከዚያ ጥላ ሥር ቢያርፉ፣ 10 ሰዓት ሲል ቢመለሱ ቀኑ አይባክንም። ማሳ ላይ ባሉበት ሰዓት ጥም ሳይጠብቁ በየ20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ያህል ውሃ ይጎንጩ። ሁለት ሃይላንድ ሞልቶ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ዛፍ ሥር ማስቀመጥ ነው። ጠላ ውሃን አይተካም፣ አረቄማ ጭራሽ ያደርቃል።

እናትሽና ጎረቤቶቻችሁ ደግሞ ሁለት ነገር ለይተው ይወቁ።

የመጀመሪያው፦ ሰውየው በጣም ያልበዋል፣ ያዞረዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ጡንቻው ይኮማተራል፣ ግን በደንብ ይናገራል። ይህ ሰው ጥላ፣ የላላ ልብስና ውሃ ነው የሚያስፈልገው። ለምለም (ኦ አር ኤስ) ካለ በጥብጦ ማጠጣት ነው። ከሌለ አንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ውስጥ 6 ለክ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይሟሟ። ጨው ያለበት ስለሆነ ግን በየቀኑ የሚጠጣ አይደለም፣ በተለይ ግፊት ላለበት ሰው።

ሁለተኛው፦ ሰውየው ይቀባዥራል፣ ሲጠሩት በቅጡ አይመልስም፣ ይንገዳገዳል፣ ሰውነቱ እንደ እሳት ይፈጃል፣ ወይም ራሱን ይስታል። ይህ ገዳይ ነው፣ ደቂቃ አይሰጥም። እዚህ ላይ ነው በጣም የምፈራው። በእኛ አገር እንዲህ ያለውን ሰው "ምች መታው" ብለን ዳማከሴ አሽተን፣ ጋቢ ደርበን፣ በር ዘግተን እናስተኛዋለን። ዳማከሴን ከእናቶቻችን እጅ ያላሸተተ የለም፣ ልንቅ አይደለም። ነገር ግን በሙቀት የወደቀን ሰው መሸፈን ማለት በውስጡ ያለውን እሳት መቆስቆስ ነው። ልብሱን አውልቁለት። ካለው ውሃ ሁሉ መላ ሰውነቱ ላይ አፍስሱ፣ የጉድጓድም የቦይም ይሁን። ነጠላ አርጥቦ ማልበስና ሳያቋርጡ ማራገብ ነው። አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ እርጥብ ጨርቅ ይደረግ። ራሱን የሳተን ሰው ውሃ ለማጠጣት አትሞክሩ፣ ወደ ሳንባው ይገባል። ሌላው ሰው በዚያው ቅጽበት አምቡላንስ ይጥራ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የወረዳችሁን አምቡላንስ ሹፌር ስልክም ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ተቀብለሽ እናትሽ ስልክ ላይ መዝግቢ። እስኪመጣ ማቀዝቀዙ አይቋረጥ።

አሁን ወደ ጎሊና።

አባትሽ ወደ ጎርፉ የሚሮጡት በግትርነት አይመስለኝም። የቆቦ ሜዳ ዝናብ አጠር ነው። ማሽላው የሚደርሰው በራሱ ሰማይ ዝናብ ብቻ ሳይሆን ከደጋው ወርዶ ወደ ማሳ በሚጠለፈው ጎርፍም ነው። ያ ውሃ ደለል ይዞ ይመጣል፣ መሬቱን ያረሰርሰዋል። በሰዓቱ ጎርፍ ያገኘ ማሳና ያላገኘ ማሳ በመከር ጊዜ ይለያያሉ። አንቺ አደጋ የምትዪው ነገር ለእሳቸው እንጀራ ነው። "ወንዙ ጋ አትሂድ" ስትያቸው "አትረስ" ያልሻቸው ያህል ይሰማቸዋል። ምክርሽ ጆሯቸው ያልገባው ለዚህ ይመስለኛል። ስለዚህ መሄዳቸውን ትተሽ ስለ አካሄዳቸው ተነጋገሩ።

የቆቦን ጎርፍ አስቸጋሪ የሚያደርገው አመጣጡ ነው። ጎሊናም ሆርማት የሚባለው ወንዝም የሚነሡት ከምዕራብ ካለው ደጋ ነው። ደጋው ላይ ዝናቡ ብዙ ጊዜ የሚጥለው ከሰዓት በኋላ ነው። ውሃው ቁልቁለቱን ወርዶ ሜዳው የሚደርሰው አመሻሽ ላይ ወይም ሌሊት ነው። ያን ጊዜ ቆቦ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ ሊታይ ይችላል። አሸዋው ደረቅ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ፍየል ይተኛበታል። አንቺ ልጅ ሳለሽ፣ በ1998 ክረምት፣ ድሬዳዋ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ከተማዋን የሚያቋርጠው ደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው በተኛበት ሌሊት ከደጋው የወረደ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ።

እንግዲህ አባትሽ ማየት ያለባቸው የግዳንን ሰማይ ነው። ለዚህ ደግሞ አክስት አላችሁ።

አክስትሽ እስካሁን የያዘችው ሥራ መምከር ነበር። ሥራዋን ቀይሪላት። ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር፣ በተለይ ረዘም ላለ ጊዜ ከዘነበ ወይም በረዶ ከቀላቀለ፣ ደውላ "ጥሏል" ትበል። ሌላ ወሬ አያስፈልግም። ለአባትሽ ብቻ አትደውል፤ ለእናትሽም፣ ለአንድ ጎረቤትም ትደውል። አንዱ ስልክ ባትሪ ቢጨርስ ሌላው ይነሳል። ካርዱን አንቺ ሙዪላት። ከኮምቦልቻ ሆነሽ ከምታደርጊው ሁሉ ይሄ ይበልጣል። አባትሽም ደስ ይላቸዋል፣ ምክንያቱም ይኸው ስልክ ለውሃ ጠለፋውም ይጠቅማቸዋል። ውሃው እንደሚመጣ ቀደም ብሎ ያወቀ ገበሬ ቦዩን በብርሃን ያሰናዳል።

ኔትወርክ የሚጠፋበት ሌሊት ይኖራል። እዚህ ላይ ቅሬያችሁን (ዕድራችሁን) ተጠቀሙ። ለቀብር ጥሩንባ የሚነፋ ሰው አላችሁ አይደል? ለጎርፍ የተለየ አነፋፍ ይስማሙ። ለለቅሶ ረዘም ተደርጎ ከተነፋ ለጎርፍ አጫጭርና ደጋግሞ ይሁን። ይህን ለቅሬው ስብሰባ አባትሽ ራሳቸው ቢያቀርቡት እንዴት ጥሩ ነበር። ሐሳቡን ያመጣ ሰው መጀመሪያ ራሱ ያከብረዋል።

ወንዙ ዳር ላለ ሰው ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ኩልል ሲል የነበረው ውሃ ድንገት ይደፈርሳል። ቅጠል፣ ጭራሮና አረፋ ይዞ ይመጣል። ከላይ በኩል ድንጋይ ሲንከባለል የሚሰማ ጉምጉምታ ይመጣል። ይህን የሰማ ሰው ዕቃውን ጥሎ ወደ ጎን፣ ወደ ከፍታው ይውጣ። በወንዙ ውስጥ ወደ ታች መሮጥ አያዋጣም፣ ጎርፉ ይቀድማል። አካፋው ይቅር፣ አካፋ ገበያ ላይ አለ።

መሻገሩን በተመለከተ፣ "ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል" የሚለውን አባትሽ ከእኔም ከአንቺም በላይ ያውቁታል። ልኩን ልንገርሽ። ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ያለ፣ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ፈጣን ጎርፍ ጎልማሳ ሰው ይጥላል። 30 ሳንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ ለባጃጅማ ከዚያም ያነሰ ይበቃታል። 60 ሳንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ጠርጎ ይወስዳል። ለዓመት በዓል ስትሄጂ ሹፌሩ "ያልፋል፣ ያልፋል" ካለ አንቺ ውረጂ።

"ዕድሜዬን ሙሉ ተሻግሬዋለሁ" የሚሉት እውነት ነው። ግን ጎርፍ በመጣ ቁጥር ወለሉ ይቦረቦራል። ትናንት ጉልበት የነበረው ዛሬ ደረት ይሆናል፣ ውሃው ስለሚደፈርስ ደግሞ አይታይም። ከሥር የሚንከባለለው ድንጋይም እግር ይሰብራል። የበሬ ጭራ ይዞ መሻገርም ይቅር። በሬው ሲደናቀፍ የያዘውም አብሮ ነው የሚሄደው።

እንዲህ ያለ ጎርፍ በአብዛኛው በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል። ሰውን የሚገድለው አለመጠበቁ ነው። ሰው የማይጠብቀው ደግሞ ማዶ የሚያድርበት ስለሌለው፣ ቤቱ ስለሚያስብ ነው። ስለዚህ ካሁኑ ማሳው ባለበት ማዶ አንድ ቤት ተነጋገሩ፣ ዘመድም ይሁን ወዳጅ። እዚያ አንድ ጋቢ፣ የሁለት ሦስት ቀን ኪኒንና ባትሪ ይቀመጥ። ከተመለሱ ተመለሱ፤ ካልተመለሱ እዚያ እንዳደሩ እናትሽ ታውቃለች። ይህን አባትሽ የሚቃወሙ አይመስለኝም፣ ምክንያቱም ከሥራቸው አያስቀራቸውም።

የሌሊቱን ጠለፋ በተመለከተ ደግሞ ብቻቸውን አይውጡ። ሁለት ሰው ሲሠራ አንዱ ከፍታ ላይ ቆሞ ወደ ወንዙ ላይኛው በኩል ብቻ ይይ፣ አካፋ አይንካ። ወንዙ አፍ ላይ ያለው ሥራ በቀን፣ በደረቁ ይጠናቀቅ። ሌሊት የሚነካው ማሳው ጫፍ ያለው ቦይ ብቻ ይሁን። ጎርፉ ዳሩን እየናደ ከሆነ ለዚያ ሌሊት ይተውት። ሐምሌና ነሐሴ ሌላ ጎርፍ ያመጣሉ።

የወንድምሽ ነገር ላይ ግን ድርድር የለም። 12 ዓመት ልጅ ጎርፍ ዳር አይቆምም። ዝም ብሎ "ቅር" ቢባል ተደብቆ ይከተላል፣ ምክንያቱም በዚያ ዕድሜ ወንድ ነኝ ማለት ይፈልጋል። ሥራ ስጡት። ጥሩንባው ሲነፋ በረቱን ከፍቶ ከብቶቹን መፍታት የእሱ ይሁን። ታስሮ የቀረ ከብት ይሰምጣል፣ የተፈታ ግን ከፍታ ይፈልጋል። ከዚያ እናቱን ይዞ አስቀድማችሁ ወደተስማማችሁበት ጉብታ ይውጣ። የመሬት ደብተሩ፣ መታወቂያውና የክትባት ካርዱ በላስቲክ ተጠቅልለው በአንድ ከረጢት ይሁኑ፣ ከረጢቱንም እሱ ይያዝ። አባቱ ፊት "ይሄ ያንተ ኃላፊነት ነው" ይባል።

ሰው ሲወሰድ ያየ ሰው ዘሎ አይግባ። ገመድ፣ ረጅም እንጨት ወይም ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ይወርውር፣ ዳር ዳሩን እየሮጠ ይጩህ። ይህ ጭካኔ አይደለም። በሐምሌ 2016 ጎፋ ውስጥ የመሬት ናዳ ሰው ቀበረ። ሊያወጣ የተረባረበው ሕዝብ ላይ ደግሞ ሌላ ናዳ ወረደበት። ከ200 በላይ ሰው ያለቀው እንዲህ ነው። ይህን ለአክስትሽም ንገሪያት፣ ደጋው ላይ ገደል ሥር ያለ ቤት ብዙ ነውና። ተዳፋቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ ከታየ፣ ዛፍ ካዘነበለ ወይም ምንጩ ያለወትሮው ከደፈረሰ ዝናቡ እስኪያባራ ቤቱን ለቆ ዘመድ ቤት ማደር ነው።

ጎርፉ ካለፈ በኋላ የጉድጓዱም የምንጩም ውሃ የሽንት ቤት ፍሳሽ እንደገባበት ይቆጠር። ይፈላ፣ ወይም ውሃ አጋር የሚባለው የውሃ ማከሚያ ይደረግበት፣ ልኩ ዕቃው ላይ ተጽፏል። ሕፃን ተቅማጥ ከያዘው ለምለም እየሰጡ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። ውሃው በተኛበት ሁሉ ትንኝ ይፈለፈላል፣ ከመስከረም ጀምሮ ወባው ይበረታል። አጎበሩ ለእህል መሸፈኛ ወይም ለአጥር ከዋለ ካሁኑ ወደ አልጋው ይመለስ።

አባትሽን ስታነጋግሪ በስልክ አይሁን። ለአንድ ቅዳሜና እሁድ ሂጂ። ቡና ይፈላ። በመጀመሪያው "እንዳትሄድ" አትበዪ። "አባዬ፣ ደጋው ላይ ሲጥል አክስቴ ብትደውልልህ ለቦዩ አይጠቅምህም?" ብለሽ ጀምሪ። ከዚያ ስለ ማዶው ቤት አንሺ። ስለ ኪኒኑ ሦስተኛው ስኒ ላይ ይደረሳል። ፈሪ ቢሉሽ አትከራከሪ። "አዎ፣ አንተን ማጣት እፈራለሁ" በያቸው፣ እውነትሽን ነውና።

የቀረው የአንቺ ቤት ነው። ቦርከና ከደሴ በኩል ነው የሚወርደው። ስለዚህ ኮምቦልቻ ባይዘንብም ደሴ ላይ ከጣለ ለአንቺም ጣለ ማለት ነው። ደሴ የምታውቂው ሰው ካለ ለአክስትሽ የሰጠሻትን ሥራ ለእሱም ስጪው። ግቢው ውስጥ የቆዩ ጎረቤቶችን ውሃው ባለፉት ክረምቶች የት ድረስ እንደገባ ጠይቂ። ግድግዳውንም እዪ፣ የደለል መስመር ይተዋል። ውሃ ሊገባ ሲል ቆጣሪው ከየት እንደሚጠፋ አከራይሽን ጠይቀሽ እወቂ። ውሃ ውስጥ ቆመሽ ግን ማብሪያ ማጥፊያ እንዳትነኪ። ባለፈው ዓመት ውሃ የገባበት ክፍል ከሆነ ሐምሌ ሳይገባ ሌላ ቤት ፈልጊ፣ ኪራዩ ትንሽ ከፍ ቢልም።